«ካንሰሩን ማን መረጠው?» ለሚል ወንድም ምን ይመለስለታል?

እንደምን አላችሁ? ዓምዳችሁን ሁሌም አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

እኔና ታናሽ ወንድሜ ያደግነው አማኝ ቤተሰብ ውስጥ ነው። ልጆች ሆነን ከእኔ ይልቅ ጸሎት የሚወደው እሱ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት የታላቅ እህታችን ልጅ በደም ካንሰር ሞተች። አራት ዓመቷ ነበር። ስትታመም ሁላችንም ጸለይን፣ ጾምን፤ ወንድሜ ደግሞ ከሁላችንም በላይ። ከቀብሩ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ግን ተለወጠ። ማንበብ ጀመረ፣ ቪዲዮ ያያል፣ በተገናኘን ቁጥር ክርክር ነው።

«እግዚአብሔር ክፋትን ማጥፋት ፈልጎ ካልቻለ ሁሉን ቻይ አይደለም። እየቻለ ካልፈለገ ደግሞ ደግ አይደለም» ይለኛል። እኔም ልጅ ሆኜ የተማርኩትን እመልስለታለሁ። እግዚአብሔር ነጻ ፈቃድ ሰጥቶናል፣ ክፋት የመጣው ከሰው ምርጫ ነው፣ እንደ ሮቦት ቢፈጥረን ፍቅር የሚባል ነገር አይኖርም ነበር እለዋለሁ። ይሄ መልስ የሚበቃ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ወር ግን ቤተሰቡ ሁሉ በተሰበሰበበት «እሺ፣ የአራት ዓመት ልጅ ደም ውስጥ ካንሰር እንዲገባ የመረጠው ማን ነው? እሷ ናት? እናቷ ናት? ወይስ ካንሰሩ ራሱ ነጻ ፈቃድ አለው?» አለኝ። ሌላም ጨመረ። «መንግሥተ ሰማያት ውስጥ ሰው ነጻ ሆኖ ኃጢአት የማይሠራ ከሆነ መጀመሪያውኑ እንደዛ አድርጎ ቢፈጥረን ምን ነበረበት?» አለ። መልስ አጣሁ። ተናድጄም ስለነበር «ለበጎ ነው፣ እግዚአብሔር የሚያደርገውን ያውቃል፣ ምናልባት አድጋ ከሚደርስባት ነገር አድኗት ይሆናል» አልኩት። ተነስቶ ወጣ። እህቴም እዚያው ነበረች። ምንም አላለችም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ወንድሜ ስልኬን አያነሳም። እናቴ «ልጄን አጣሁት» እያለች ታለቅሳለች፤ «አንቺ ታላቁ ነሽ፣ መልሺው» ትለኛለች። ማታ ማታ መልስ ስፈልግ አመሻለሁ። ለማንም ያልነገርኩት ደግሞ ይሄ ነው። ስጸልይ የሱ ጥያቄ ይመጣብኛል። ቆሜ «እውነት ግን ማን መረጠው?» እላለሁ። እምነቴ እየጠፋ ይሆን? ለወንድሜ የተሻለ መልስ ይዤ ልሂድ ወይስ ዝም ልበል?

መልስ ያጣችው እህቱ

*

ውድ እህቴ፣

የመጨረሻውን ጥያቄሽን ላስቀድም፤ እንቅልፍ የሚነሳሽ እሱ ይመስለኛል። እምነትሽ እየጠፋ አይመስለኝም። ጸሎት ላይ ቆመሽ «እውነት ግን ማን መረጠው?» የምትዪው ለማን ነው? ለእግዚአብሔር አይደል? የተቀየመችውን እያናገረች ያለች ሰው ገና አልተለየችውም። መዝሙረ ዳዊት 88ን (በአንዳንድ መጽሐፍ ቅዱሶች 87 ነው) ዛሬ ማታ አንብቢው። አብዛኞቹ የለቅሶ መዝሙሮች መጨረሻቸው ላይ ወደ ምስጋና ይዞራሉ። ይሄኛው አይዞርም። በምሬት ጀምሮ በጨለማ ያልቃል፤ ግን እዚያው መዝሙሮቹ መካከል ነው ያለው፣ ማንም ጸሎት አይደለም ብሎ አላወጣውም።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ ልጁ የታመመበት አባት ደግሞ አለ። «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ የጮኸው። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገረው፣ እምነቱንም አለማመኑንም። ኢየሱስም መጀመሪያ ጥርጣሬህን ጨርሰህ ተመለስ አላለውም። አውቃለሁ፣ ወንድምሽ ይህን ቢሰማ «የሱ ልጅ ዳነ፣ የኛዋ ሞተች» ይላል። እውነቱን ነው። እኔ ያነሳሁት ስለ አባትየው ነው፤ አንቺ አሁን ያለሽበት ቦታ ላይ ቆሞ የጸለየ ሰው ስለሆነ።

አሁን ወደ ክርክሩ እንምጣ። ወንድምሽ የጠየቀው ቀላል ነገር አይደለም፣ እኔም እንደ ቀላል አላልፈውም።

በመጀመሪያ «ቪዲዮ ነው ያበላሸው» የምትባባሉ ከሆነ ተዉት። ያ «ፈልጎ ካልቻለ፣ ችሎ ካልፈለገ» የሚለው ጥያቄ ከክርስቶስ ልደት በፊት በኖረው በግሪኩ ፈላስፋ በኤፒኩረስ ስም ሲጠራ የኖረ ነው። ቅዱሳኑም ሊቃውንቱም ታግለውበታል። አንቺ የመለስሽለትም እንዲሁ ጥንታዊ ነው። የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ሊቅ አውግስጢኖስ በወጣትነቱ ዘጠኝ ዓመት ያህል ከማኒ ተከታዮች ጋር ነበር፤ እነሱ ክፋት ከእግዚአብሔር ጋር የሚዋጋ ራሱን የቻለ ኃይል ነው ይሉ ነበር። እነሱን ትቶ ወደ ክርስትና ሲመጣ ስለ ነጻ ፈቃድ በሰፊው ጻፈ። ክፋት እግዚአብሔር የፈጠረው ነገር አይደለም፣ ፈቃዳችን ከመልካሙ ሲዞር የሚመጣ ጉድለት ነው አለ። እኔ ይህን ከልቤ እቀበለዋለሁ። ሰው ሰውን ሲያሰቃይ፣ ጦርነት ሲለኮስ፣ ጎልማሳ ሰው በሕፃን ላይ እጁን ሲያነሳ፣ እግዚአብሔርን ከመክሰሳችን በፊት እጁን ያነሳውን ሰው እንጠይቅ። ምርጫ እውነት ከሆነ ክፉ ምርጫም እውነት ነው።

የመንግሥተ ሰማያቱን ጥያቄም ወንድምሽ ብቻውን አይደለም የጠየቀው። እ.ኤ.አ. በ1955 ጄ. ኤል. ማኪ የተባለ ፈላስፋ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነገር አንስቶ ነበር። ሰው አንድ ጊዜ በነጻነት መልካሙን መምረጥ ከቻለ ሁልጊዜ መልካሙን የሚመርጡ ሰዎችን መፍጠር ሁሉን ቻይ ለሆነ አምላክ ለምን ያቅተዋል? አለ። አልቪን ፕላንቲንጋ የሚባል ክርስቲያን ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲመልስ፣ ምርጫው የሰውየው ከሆነ ውጤቱን እግዚአብሔር አስቀድሞ ሊሠራለት አይችልም፣ ከሠራለት ደግሞ የሰውየው ምርጫ መሆኑ ቀረ አለ። ብዙ ፈላስፎች፣ የማያምኑ ጭምር፣ ከዚያ በኋላ «እግዚአብሔር አለ» እና «ክፋት አለ» የሚሉት ሁለቱ ነገሮች እርስ በርስ የሚፋረሱ አይደሉም ወደሚለው አዘንብለዋል። ሌሎች ደግሞ በ2ኛው መቶ ዘመን እንደኖረው እንደ ኢሬኔዎስ፣ ሰው ሲፈጠር ገና ልጅ ነበር፣ ማደግ ነበረበት፣ በሰማይ ያለው ቅድስና በመንገዱ የሚደረስበት እንጂ ከመነሻው የሚታደል አይደለም ይላሉ። ለእኔ ይሄ ሚዛን የሚደፋ መልስ ነው። ግን ወንድምሽ «እሺ፣ በአራት ዓመቷ የሞተችው ልጅ የቱን መንገድ ሄዳ አደገች?» ቢልሽ ምን ትይዋለሽ? እኔም ዝም ነው የምለው።

ካንሰሩ ጋ ስንደርስ የነጻ ፈቃድ መልስ ያጥራል። እዚህ ላይ ወንድምሽ ልክ ነው፣ ልክ ነህም በይው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 1755 የፖርቱጋል ዋና ከተማ ሊዝበን በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ነበር፣ ሰዉ ቤተ ክርስቲያን ሞልቶ ነበር። ጣሪያው የወደቀው እዚያው በሚጸልዩት ላይ ነው፤ ከዚያ ባሕሩ መጣ፣ ከዚያ እሳቱ። ያን ጊዜም ብዙ የአውሮፓ አሳቢዎች ይሄንኑ ጠይቀዋል፤ ማን መረጠው?

አንዳንዱ አማኝ በአዳም ውድቀት ፍጥረት ሁሉ ተሰብሯል ብሎ ይመልሳል። ሌላው ደግሞ፣ ለምሳሌ የፊዚክስ ሊቅ ሆኖ በኋላ ቄስ የሆነው ጆን ፖልኪንግሆርን፣ እግዚአብሔር ሰውን ብቻ ሳይሆን ተፈጥሮንም ራሷን ሆና እንድትሄድ ለቋታል ይላል። ሕዋሶቻችን ስለሚከፋፈሉና ስለሚለወጡ ነው ሕይወት ያለው፤ ያው መከፋፈል አንዳንዴ ይሳሳታል። የደም ካንሰርም የሚጀምረው በአጥንት መቅኔ ውስጥ አንዲት ሕዋስ የዘር መልእክቷ ላይ ስህተት ሲገባና መቆም ትታ ስትባዛ ነው። በአብዛኛው ወላጅ ያደረገው ወይም ያላደረገው ነገር አይደለም የሚያመጣው። (ይህን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ያዢልኝ፣ እመለስበታለሁ።) ይሄ ሁሉ ነገሩ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ያስረዳል። «ለምን እሷ?» የሚለውን ግን አይነካውም። ለዚህ መልስ አለኝ የሚልሽ ሰው ካጋጠመሽ ተጠንቀቂው።

እና የተሻለ መልስ ይዤ ልሂድ ወይ ላልሽኝ፣ አትሂጂ እልሻለሁ። ቢያንስ አሁን አይሆንም። የነጻ ፈቃድ መልስሽ ውሸት ስለሆነ አይደለም። የማይደርስበት ቦታ ወስደሽ ስለተጠቀምሽበት ነው። ፕላንቲንጋ ራሱ ያን ሁሉ ረቂቅ ክርክር በጻፈበት መጽሐፉ ውስጥ፣ ይህ በመከራ ውስጥ ላለ ሰው ታስቦ የተጻፈ አይደለም፣ እንዲህ ያለው ሰው የሚያስፈልገው የፍልስፍና ማብራሪያ ሳይሆን የእረኛ እንክብካቤ ነው ብሏል። ክርስቲያኑ ጸሐፊ ሲ. ኤስ. ሉዊስም እ.ኤ.አ. በ1940 ስለ ሕመምና ስለ እግዚአብሔር የተዋጣለት የሙግት መጽሐፍ ጽፎ ነበር። በ1960 ሚስቱ በካንሰር ስትሞት ግን ያ ሁሉ ሙግት አላጽናናውም፤ በሐዘኑ መካከል የጻፈው ማስታወሻ በእግዚአብሔር ላይ በቁጣና በጥያቄ የተሞላ ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት ሲያሳትመውም በራሱ ስም እንኳ አላወጣውም። እምነቱን አልተወም። ግን መልሱን ያወቀ ሰውም ሲያዝን መልሱ ብቻውን አልበቃውም።

«ለበጎ ነው» ስላልሽው ነገር ደግሞ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ወንድምሽን ከቤት ያስወጣው እሱ ይመስለኛል። አልፈርድብሽም። ሰው መልስ ሲያጣና ሲናደድ አፉ ላይ የሚመጣለትን ይናገራል፤ ሁላችንም ሲባል የሰማነው ይሄንን ነው። ግን ለራሱ የሚለው ሰውና ለሌላ የሚለው ሰው አንድ አይደሉም። ያዘነ ሰው ከዓመታት በኋላ ወደ ኋላ አይቶ «እግዚአብሔር ከዚህም ውስጥ መልካም አወጣልኝ» ቢል ምስክርነቱ ነው። ዮሴፍ ለወንድሞቹ ያላቸው እንደዛ ነው፤ የተናገረው ግን የተሸጠው ራሱ ነው። ከዳር የቆምን ሰዎች በሌላው ቁስል ላይ ስንናገረው «ቁስልህ ትክክል ነው» እንደማለት ይሆናል።

ኢየሱስ ራሱ እንዲህ ያለ ማብራሪያ ውስጥ አልገባም። በሉቃስ 13 ላይ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ ስለገደላቸው 18 ሰዎች ሲያነሳ፣ እነሱ ከሌሎቹ ይልቅ በደለኞች ይመስሏችኋልን? ብሎ ጠየቀና አይደለም አለ። ከዚያ ሰሚዎቹን ወደ ንስሐ ጠራቸው። ግንቡ ለምን በእነዚያ ላይ እንደወደቀ ግን አንድ ቃል አልተናገረም። የኢዮብ ጓደኞችም መጀመሪያ ሲመጡ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። ከሠሩት ሁሉ የተሻለው ያ ነው። አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ምዕራፍ በምዕራፍ ስለ እግዚአብሔር ተሟገቱ፣ ኢዮብ ደግሞ ጮኸ፣ ከሰሰ፣ መልስ አምጣ አለ። መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው በማን ነው? በተሟገቱለት። እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር ስለ እኔ አልተናገራችሁም አላቸው። አንቺም ለእግዚአብሔር ጠበቃ ልሁን ብለሽ ነው የደከምሽው። ልብሽ መልካም ነው። ግን እሱ የወንድምሽን ቁጣ መሸከም አያቅተውም።

ቆይ ግን፣ መልሱ ካጠረ ክርስትና ምን ይቀረዋል ትዪኝ ይሆናል። ማታ ማታ የሚያስፈራሽም ይሄ ይመስለኛል፤ ያ አንድ መልስ ከወደቀ ሁሉም ነገር አብሮ የሚወድቅ ይመስልሻል። እኔ የማምነውን ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተጀመረውን፣ በ381 በቁስጥንጥንያ የተሟላውን ጸሎተ ሃይማኖት ወስደሽ በቀስታ አንብቢው። ክርስቲያኖች ምን እንደሚያምኑ ነው የሚናገረው። ክፋት ለምን እንዳለ የሚያስረዳ አንድም መስመር የለበትም። ስለ ነጻ ፈቃድም አይናገርም። ስለ እኛ ተሰቀለ፣ ታመመ፣ ሞተ፣ ተቀበረ፣ በሦስተኛው ቀን ተነሣ ነው የሚለው። ነጻ ፈቃድ ላይማ ክርስቲያኖች ራሳቸው አልተስማሙም። ኤራስመስ የተባለ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1524 ሰው ነጻ ፈቃድ አለው ብሎ ሲጽፍ የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪው ሉተር በዓመቱ ፈቃዳችን የታሰረ ነው ብሎ መለሰለት፤ ሁለቱም ግን ያንኑ ክርስቶስ ያምኑ ነበር። ስለዚህ አንቺ የቆምሽው በዚያ ክርክር ላይ አይደለም፤ ክርክሩን ብትሸነፊም የቆምሽበት አልፈረሰም።

የቆምሽበት ምንድን ነው ካልሽኝ፣ ለእኔ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ላይ ይታያል። አልዓዛር ሲሞት ኢየሱስ ዘግይቶ ነው የመጣው። ማርታ ወጥታ «ጌታ ሆይ፣ አንተ በዚህ ኖረህ ብትሆን ወንድሜ ባልሞተም ነበር» አለችው። ቆይታ እህቷ ማርያም መጣች፤ እሷም ያንኑ ቃል ደገመችለት። ይሄ ክስ ነው፣ «የት ነበርክ?» ነው። ወንድምሽ ከሚለው በምን ይለያል? ኢየሱስ ለማርታ ስለ ትንሣኤ ነገራት፣ አነጋገራት፣ ጠየቃት። ማርያም ጋ ሲደርስ ግን፣ ያንኑ ቃል ሰምቶ፣ አለቀሰ። ሊያስነሳው እንደሆነ እያወቀ አለቀሰ። ለአንዷ ንግግር ለሌላዋ እንባ። እና አንቺ ወንድምሽ ማርታ መስሎሽ ነው እስካሁን ያነጋገርሽው። ማርያም ቢሆንስ?

ሌላም አለ። ወንድምሽ የሚጠይቀውን ጥያቄ ክርስቶስ ራሱ መስቀል ላይ ሆኖ ጮኾበታል፣ «አምላኬ፣ አምላኬ፣ ስለ ምን ተውኸኝ?» ብሎ። ያን ሰዓት ማብራሪያ አልመጣለትም። እኔ ክርስቲያን የሆንኩት የክፋት ምስጢር ስለተፈታልኝ አይደለም፤ ያን ጥያቄ ከውስጥ የሚያውቅ አምላክ ስላገኘሁ፣ መቃብሩም የመጨረሻ እንዳልነበረ ስለማምን ነው። ወንድምሽ ይህን ባያምን በክርክር ላስገባለት አልችልም፣ አንቺም አትችዪም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጅቷ ስትታመም «ከሁላችንም በላይ ጸለየ» ብለሻል። ስለዚያ ጸሎት ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? ምን ብሎ ነበር የጸለየው? ለእግዚአብሔር ቃል የገባው ነገር ነበር? የዳነች መስሎት የነበረ ቀን ነበር? የሞተች ቀን የት ነበር? እኔ ከሩቅ ሆኜ የሰው ልብ አላውቅም፣ ልሳሳትም እችላለሁ፣ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ እግዚአብሔር ማውራት ማቆም ያቃተው ሰው እግዚአብሔር የለም ብሎ የተገላገለ አይመስለኝም። ከምንም በላይ ያመነው እሱ ነበር፣ ከምንም በላይ የተጎዳውም እሱ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ አትደውዪለት፤ ጻፊለት። አጭር ይሁን። እንዲህ ብትዪው፦ «ያን ቀን ለበጎ ነው ማለት አልነበረብኝም። ይቅርታ። ላልከው ነገር መልስ የለኝም። መጥቼ ልይህ፣ ካልፈለግክ ስለ እምነት አናወራም። ስለ እሷ ብታወራልኝ ግን እሰማለሁ።» በቃ። ከሥሩ ጥቅስ አትጨምሪ፣ የስብከት ቪዲዮም አትላኪ። ሳምንት ዝም ካለ ሳምንት ጠብቂ፤ ዝምታው ለአንቺ መልስ ላይሆን ይችላል፣ አንብቦ ምን እንደሚል ጠፍቶት ሊሆን ይችላል። ሲገናኝሽ ክርክሩን ራሱ ቢጀምረውስ? ይጀምረው ይሆናል፣ እሱም የለመደው ይሄንን ነው። «አላውቅም» በይው፣ ሳታፍሪ። «እኔንም ያስጨንቀኛል» በይው፣ እውነት ነውና። ለእሱ ታላቅ እህቱም ሌሊት እንደማትተኛ ማወቅ አውግስጢኖስን ከመስማት የሚበልጥ ይመስለኛል። ሐዘኑ ከወጣለት በኋላ አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ ስለ ነጻ ፈቃድ በሰፊው ብትከራከሩ ደስ ይለኛል፤ ያኔ ከላይ የጻፍኩልሽ ሊጠቅምሽ ይችላል። ክርክር በራሱ ክፉ አይደለም። ያ ቀን ግን ዛሬ አይደለም። ምናልባትም ሳያምን ይኖራል፤ ያም ሆኖ ወንድምሽ ነው፣ የምትሄጂውም ልትመልሺው ብለሽ ከሆነ ገና በር ላይ ሳለሽ ያውቅብሻል።

እግረ መንገድሽን እንዴት እንዳለ እይው። እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ሥራ ላይ እንዴት ነው? ከሰው ሁሉ ርቋል ወይስ ከእናንተ ብቻ? መኖር ምን ያደርጋል የሚል ነገር ካወራ ስለ ሃይማኖት መሆኑን ትተሽ ቶሎ የሥነ ልቦና ወይም የአእምሮ ሐኪም ጋ እንዲሄድ አግዢው፣ አብረሽውም ሂጂ።

ለእናትሽ ደግሞ በፍቅር እንቢ በያቸው። «መልሺው» ያሉሽን ሥራ ልትሠሪው አትችዪም፣ የሰውን እምነት ማንም ተሸክሞ አይመልስም። «ልጅሽ አልጠፋም፣ አዝኖ ነው» በያቸው። እሳቸውም የልጅ ልጃቸውን ነው የቀበሩት፤ ለልጃቸው የሚያለቅሱት እንባ ውስጥ የሷም አለበት ብዬ አስባለሁ፣ ጠይቂያቸው።

ለራስሽ፣ ጥያቄውን ሰምቶ የማይደነግጥ አንድ የንስሐ አባት ወይም መጋቢ፣ ካልሆነም በዕድሜ የበሰለ አማኝ ፈልጊ። ንግግርሽን ሳትጨርሺ መልስ የሚቸኩልብሽ ከሆነ አመስግነሽ ሌላ ሰው ፈልጊ። ማታ ማታ መልስ ማሰሱን ለጊዜው አቁሚ፤ በእንቅልፍ ሰዓት የሚነበብ ክርክር ማንንም አላሳረፈም። ጸሎት ላይ ጥያቄው ሲመጣብሽ አታባርሪው፣ እዚያው ተናገሪው። ያንን መዝሙር ጮክ ብለሽ ማንበብ ራሱ ጸሎት ነው።

አሁን ያዢልኝ ወዳልኩሽ ልመለስ። በደብዳቤሽ ውስጥ ታላቅ እህትሽ የመጣችው ሁለት ጊዜ ነው፤ ልጇ ስትሞት፣ ከዚያ «እዚያው ነበረች፣ ምንም አላለችም» ስትዪኝ። ወንድምሽ «የመረጠችው እናቷ ናት?» ሲል እናቷ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። አንቺም «ከሚደርስባት ነገር አድኗት ይሆናል» ስትዪ ትሰማ ነበር። እሱ ሊጎዳት አላሰበም፣ አንቺም አላሰብሽም፣ ግን ልጅ የሞተባት እናት ብዙ ጊዜ ራሷን ትከሳለች፤ ቶሎ ብወስዳት ኖሮ፣ ያን ባልሰጣት ኖሮ፣ በደንብ ብጸልይ ኖሮ እያለች። ስለዚህ ወንድምሽ ጋ ከመጻፍሽ በፊት እሷ ጋ ሂጂ፣ ዛሬ ካልቻልሽ ነገ። ብቻዋን አግኚያትና ስላልሽው ይቅርታ ጠይቂያት። እሷ ያደረገችው ነገር እንዳላመጣው ሐኪሞች የሚሉትን ንገሪያት፣ ብታውቀውም ከእህቷ አፍ ትስማው። ከዚያ ልጅቷን በስሟ እየጠራሽ ጠይቂያት፣ ምን ትወድ እንደነበር፣ ምን ያስቃት እንደነበር። ማውራት ካልፈለገች አታስጨንቂያት፣ አብረሻት ቁጭ በይ። ስለ ወንድምሽና ስለ ክርክራችሁ ግን ያን ቀን ጨርሶ አታንሺባት።